ደጄን ዘግቼ የደገምኩት ዳዊት

በሽታዬ የጀመረኝ ዓርብ ቀን፣ ካፍ ላይ ነው። ዳዊት ደጋሚ ይህን ሲሰማ ይገባዋል፤ ለማያውቅ ልንገር። ዳዊት በሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሎ ይደገማል፤ የሰኞው አለ፣ የማክሰኞው አለ። የዓርቡ ውስጥ ረጅሙ መቶ አሥራ ስምንተኛው መዝሙር ይገኛል። እሱ ራሱ በፊደል ስም ተከፍሏል፤ ከአሌፍ ተነሥቶ ታው ላይ ያበቃል፣ ሃያ ሁለት ክፍል ነው። እኔ አንዱን ክፍል በሁለት ትንፋሽ ነበር የምወጣው። አባቴ ጎጃም ውስጥ መሪጌታ ነበሩ፤ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ዳዊቱን ያስተማሩት እኔን ነው። "ትንፋሽሽስ የወንድ ነው" እያሉ ይገረሙብኝ ነበር።

ያን ዓርብ ጠዋት አሥራ አንደኛው ክፍል፣ ካፍ ላይ ስደርስ ትንፋሼ አለቀ። መሃል ላይ ቆምኩ። አየር ስስብ ቀኝ ደረቴን ወጋኝ። ሳልኩ። ልጄ ምሕረት እንደ ወትሮዋ ጭኔ ላይ ተቀምጣለች፣ አራት ዓመት ካለፋት ገና ጥቂት ወሯ ነው። ቀና ብላ አየችኝና፣

"እማዬ፣ ረሳሽው?" አለችኝ።

"አልረሳሁትም፤ በርበሬው ነው" አልኳት።

ይህች "በርበሬው ነው" የምትባል ቃል ናት ልትገድለን የነበረችው። ሳል ይዟችሁ ሰበብ የምትፈልጉለት ሰዎች እንድታነቡኝ ነው ይህን የምጽፈው።

ስሜ አስካለ ይባላል። በጃንሆይ ዘመን መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ ሱቅ ነበረኝ። ዛላውን በኩንታል ተረክቤ፣ ቀንጥሼ፣ አድርቄ፣ አስፈጭቼ እሸጣለሁ። እዚያ የሚውል ሰው ሁሉ ይስላል። ሻጩ ይስላል፣ ገዢው ይስላል፣ ተሸካሚው ይስላል፣ አህያው እንኳ ያስነጥሳል። ሳል የሚያስደነግጠው አዲስ መጤን ነው። እኔማ ዐሥር ዓመት የሳልኩበት በረንዳ ነው እያልኩ እፎክር ነበር።

ከዚያ ዓርብ በኋላ ሳሉ ውሎ አደረ። ጠዋት ስነሣ አንሶላዬ በላብ ይጨመቃል። መቀነቴ ወገቤ ላይ አንድ ዙር ጨመረ። ሰው "ምነው መነመንሽ?" ሲለኝ "ጾም ነው" እላለሁ። ጾሙ ተፈታ፤ እኔ መመንመኔን አልተውኩም። ዝንጅብል በማር ጠጣሁ፣ ዳማከሴ ጨምቄ ጠጣሁ፣ ጤና አዳም አሸተትኩ። በአንድ ክፍል ሁለት ትንፋሽ የነበረው አራት ሆነ፣ ከዚያ ስድስት። ቆጥሬዋለሁ፤ ግን ለማንም አልተናገርኩም።

ፊት ለፊቴ ዘይነባ የምትባል የስልጤ ሴት ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ትሸጣለች። ቁርጡን የምትናገር ሴት ናት። አንድ ቀን ከሱቋ ተሻግራ መጣችና እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመችብኝ።

"የበርበሬ ሳል ከበረንዳው ሲርቁ ይለቃል። አንቺን እሑድም አልለቀቀሽም። ሐኪም ቤት ሂጂ፣ አትድረቂብኝ!"

"ሂጂ ወደዚያ፣ አንቺ የኮረሪማ ሐኪም" ብዬ መለስኳት። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ስስቅ ሳሉ ጣለኝ። እሷ አልሳቀችም።

በሳምንቱ ዛላ ስቀነጥስ ሳልኩና መዳፌ ቀላ። እጄ መቼም ሁልጊዜ ቀይ ነው፣ ሥራዬ ነው። በቀሚሴ ጠረግኩት። ረጠበኝ። እንደገና ሳልኩ። ደም ነበር።

ሐኪም ቤት ራጅ አነሡኝ፤ አክታዬን በብልቃጥ ተቀበሉኝ። ዶክተሩ ወጣት ሐበሻ ነው፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም። ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ ከቀኙ ሳንባዬ ጫፍ ላይ አንድ ጥቁር ክብ አሳየኝ።

"ይህ ካቪቲ ይባላል፤ ሳንባው ተበስቷል ማለት ነው። በሽታዎ የሳንባ ነቀርሳ ነው፣ ቲቢ። ይድናል። ግን ዓመት ተኩል መድኃኒት ይወስዳሉ፣ አንድም ቀን ሳያስታጉሉ።"

አንድም ቀን ሳያስታጉሉ ሲል ደነገጥኩ። እኔ እንዲህ ያለ ውል ከሌላ ጋር ነበረኝ።

ስትሬፕቶማይሲን የሚባል መርፌ አዘዘልኝ፣ አይኤንኤች የሚባል ክኒን፣ ፓስ የሚባል ሆድ የሚገለብጥ መድኃኒት። በርበሬ የማያቃጥላትን ሴት ፓስ አቃጠላት። ካርዱን እየጻፈ ቀና ሳይል ጠየቀኝ።

"ቤት ውስጥ ልጅ አለ?"

"የለም" አልኩ።

እንዲህ ነው የዋሸሁት። ሳልቅበዘበዝ፣ ዐይኑን እያየሁ።

ከምሕረት በፊት ሁለት ልጅ ቀብሬያለሁ፤ አንዱን በአርባ ቀኑ፣ አንዷን በእግሯ ልትሄድ ስትል። ምሕረትን በክርስትናዋ ማግሥት ታቅፌ አማኑኤል ቤተ ክርስቲያን ሄድኩና ተንበርክኬ ተሳልኩ። "ይህችን ከተውክልኝ፣ ሰባት ዓመቷ ሞልቶ ጾም እስክትጀምር ድረስ፣ በየቀኑ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ዳዊት እደግምባታለሁ። አንድ ቀን ባጓድል ውሰዳት።" ማንም "ውሰዳት" በይ አላለኝም፤ አፌ ነው፣ አፌ ሁልጊዜ ከኔ ይቀድማል። አራት ዓመት ሙሉ አላጓደልኩም። ትኩሳት ይዞኝ ደግሜያለሁ፣ የአባቴን መርዶ በሰማሁበት ጠዋት ደግሜያለሁ። እንግዲህ ሐኪሙ ከልጅሽ ራቂ ካለኝ ስእለቴን አፈርሳለሁ፤ ስእለቴን ካፈረስኩ ልጄ ትሞታለች። ያኔ ሒሳቡ በጭንቅላቴ ውስጥ ይህ ብቻ ነበር።

ደግሞ አደጋገሜን ስሙ። ከሱቁ ጀርባ አንዲት ክፍል አለችን፤ መኝታችንም ማብሰያችንም እሷው ናት፤ ባለቤቴ ደምሴ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ኑሮው ጎጃም መንገድ ላይ ነው። የክፍሏ መስኮት በወፍጮ ቤቱ በኩል ነው። ስትጸልይ ደጅህን ዘግተህ ጸልይ ይላል ወንጌሉ፤ አባቴ በዚህ አይቀልዱም ነበር፣ እኔም አልቀለድኩም። በሩን እዘጋለሁ። መስኮቱን እዘጋለሁ። የበርበሬው ብናኝ ልጅቷን እንዳያስነጥሳት ብዬ ስንጥቁን በጆንያ እወትፋለሁ። አንድ ሰዓት ያህል ጮክ ብዬ እደግማለሁ፤ ምሕረት ደረቴ ላይ ተለጥፋ ፊቷን ወደ ፊቴ አድርጋ ታዳምጣለች። ሲያልቅ "አሜን" ትላለች፣ እኔም አናቷ ላይ እንትፍ እንትፍ ብዬ እመርቃታለሁ። እንዴት ያምር እንደነበር ልነግራችሁ አልችልም።

መርፌውን ጀመርኩ። ለዘይነባ እውነቱን በግማሹ ነገርኳት፤ ምሕረት እሷ ዘንድ ማደርና መዋል ጀመረች። ጽዋዋን ለየሁ፣ ሳህኗን ለየሁ፣ አልጋዋን ለየሁ። ያቺን አንድ ሰዓት ግን አልለየሁም። ጠዋት "ፊቷን ላጥባት" ብዬ አመጣታለሁ፣ በሩን እዘጋለሁ። ነጠላዬን አፌ ላይ አደርጋለሁ፤ ነገር ግን ድምፄ ሲታፈን ዳዊቱን ያዋረድኩት ይመስለኝና አወርደዋለሁ። በየጊዜው ዶክተሩ ፊት ስቀርብ ልናገር እላለሁ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ። ሳሌ እየቀነሰ፣ መቀነቴ እየተመለሰ ሲሄድ ደግሞ ይኸው፣ እግዜር ስእለቴን አይቶ ነው አልኩ።

በሦስተኛው ወር ምሕረት ምግብ ጠላች። ቀጥሎ ጨዋታ ጠላች። ስትነካ ታለቅሳለች። "ራሴን፣ ራሴን" ትላለች። ጎረቤት "ምች ነው" አለ፤ ምች ይሁን አልኩ። አስታወከች። ብርሃን ሲያይ ዐይኗን ትጨፍናለች።

ሆዴ ያውቅ ነበር። ግን እኔ ክፉ ሳይ የማውቀው ጸሎት መጨመር ነው። አንድ ሰዓቱን ሁለት አደረግሁት። ብርሃኑ እንዳያስቸግራት ብዬ መስኮቱን በሁለት ጆንያ ደፈንኩት። አፈር ልብላላት፤ እንዲህ አደረግኩ።

ሐሙስ ጠዋት ደግሜ ጨረስኩ። "አሜን" አላለችም።

ጠራኋት። ዐይኗ ተከፍቷል፤ አንዱ ወደ ሌላ በኩል ያያል። አንገቷን ላቀና ያዝኩ። አልታጠፍ አለ። እንደ እንጨት ነው። ጮህኩ።

ዘይነባ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች። ክፍሉን አየች፣ ጆንያውን አየች፣ ዳዊቱን አየች። ልጅቷን ከጭኔ ነጥቃ በጀርባዋ አዝላ ሮጠች። እኔ ከኋላ ሮጥኩ፤ ትንፋሽ አጠረኝ፣ ጎጃም በረንዳ ስደርስ አንድ ባለጋሪ ደግፎ አስቀመጠኝ። ከዚያ በታክሲ ደረስኩባቸው።

እስከዚያ ቀን እርስዎ ሲለኝ የኖረው ዶክተር አንቺ አለኝ።

"ልጅ የለም ብለሽኝ ነበር።"



ከወገቧ በመርፌ ውሃ ቀዱ። አራት ሰው ያዛት። ውሃው ጥርት ያለ ስለነበር ደስ አለኝ፤ ምን አውቄ። ውሃው ያለበት የብርጭቆ ቱቦ ቆሞ ቆየ፤ መሃሉ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ሠራ። ዶክተሩ እሱን እያየ ተናገረኝ።

"ሜኒንጃይቲስ ነው፤ ቲቢው የአንጎሏን ሽፋን ይዟል። ዱሮ ከዚህ የሚተርፍ አልነበረም። አሁን መርፌው አለ። ቃል ግን አልገባልሽም።"

ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠና፣ ልጅቷና እኔ በቀን ውስጥ የትኛው ክፍል፣ ስንት ሰዓት፣ ምን ያህል ተጠጋግተን እንደምንቆይ ጠየቀኝ። ሁሉንም ነገርኩት። ስለ በሩ ነገርኩት፣ ስለ መስኮቱ፣ ስለ ጆንያው፣ ስለ ስእለቱ፣ ስለ ካፍ። ሳላለቅስ ነው የነገርኩት፤ ዕንባዬ ያን ቀን የት እንደሄደ እንጃ።

ብዕሩን አስቀመጠ። "አባቴ ቄስ ናቸው። እኔም ዳዊት ደግሜ ነው ያደግሁት" አለኝ። ድምፁ ተመልሶ ለስላሳ ሆነ። "መጽሐፉ አይደለም። ምርቃቱም አይደለም። የተዘጋው ክፍል ነው። ሳንባሽ ያወጣው አየር መውጫ አጣ፣ ልጅቷ ሳበችው። ጮክ ብሎ ማንበብ ደግሞ እንደ ሳል ነው፣ ብዙ ያወጣል። በሩን ክፍት አድርገሽ ቢሆን አደጋው ይቀንስ ነበር።"

"ከዋሸሁህ በኋላ ነው የያዛት? ወይስ በፊት?"

"ማንም ሊነግርሽ አይችልም" አለ።

ይህን መልስ እስከ ዛሬ ተሸክሜዋለሁ። ሐኪም የማያውቀውን አላውቅም ሲል ከማጽናናቱ ይልቅ ይከብዳል። ግን አልዋሸኝም፤ በሁለታችን መካከል የዋሸሁት እኔ ብቻ ነኝ።

አክታዬ ሦስት ጊዜ ንጹሕ እስኪሆን የሕፃናት ክፍል እንዳልገባ ተከለከልኩ። ዘይነባ ሱቋን ለእህቷ ጥላ ገባችልኝ። እኔ ግቢው ውስጥ፣ ከመስኮቱ ወዲያ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ቆምኩ። በማግሥቱ ዓርብ ነው። ምሕረት ክርስትና ከተነሣች ወዲህ ዳዊት ያልተደገመባት የመጀመሪያ ቀን። "ባጓድል ውሰዳት" ብያለሁ። በገዛ አፌ። ነርሷ ከበሩ ብቅ ባለች ቁጥር የባሕር ዛፉን ግንድ እይዛለሁ። ፀሐይ ወጣች። ከፍ አለች። ዘንበል አለች። ማንም አልጠራኝም። ማምሻውን ዘይነባ ወጣች።

"አልነቃችም። ግን አለች። ቀኑን ሙሉ ጭኔ ላይ ነበረች" አለችኝ። ስለ ስእለቱ ያን ጊዜ ነግሬያት ነበር። እሷ የራሷን ዱዓ ታደርግ ነበር፤ ስለ ጭኑ ግን ለኔ ብላ ነው የነገረችኝ። ተንበርክኬ እግሯን ልስም ስል "ተነሽ፣ እብድ" ብላ ቆጣችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት የንስሐ አባቴን ፍለጋ አማኑኤል ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው፣ ጆሯቸው ከበድ ይላል፤ በደሌን ጮክ ብዬ ነው መናዘዝ የነበረብኝ፣ ግማሹ ደጀ ሰላም ሳይሰማ አይቀርም። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ተከራከርኳቸው።

"አባቴ፣ ደጅህን ዝጋ ተብሎ የለም እንዴ?"

"እሱ ለታይታ እንዳይሆን ነው ልጄ። አንቺ በሩን ዘግተሽ ምን ደበቅሽ? በሽታሽን ነው የደበቅሽው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።"

"ስእለቱስ?"

"እግዚአብሔር ልጅ ሰጠሽ እንጂ በልጅ አላስያዘሽም። 'ውሰዳት' ያልሽው አንቺ ነሽ፤ እሱ መቼ እሺ አለሽ?" አሉኝ። ከዚያ ቀኖና ሰጡኝ። "ቀኖናሽ ዝምታ ነው። ሐኪሙ ነጽተሻል እስኪልሽ ዳዊቱን ከንፈርሽ ሳይንቀሳቀስ በዐይንሽ ታነቢያለሽ። ደጅ ላይ ተቀምጠሽ፣ ነፋስ በሚያገኝሽ ቦታ። መድኃኒቱን ሳትውጪ ደግሞ መጽሐፉን እንዳትገልጪ። ወተት ጠጪ ካሉሽም በጾም ትጠጫለሽ።"

ስግደት ቢያዙኝ ይቀለኝ ነበር። እኔን የሚያውቅ ሁሉ ሳቀብኝ፤ መርካቶ ውስጥ አስካለ ዝም አለች ከተባለ ሰው ቆሞ ያያል። በየጠዋቱ ሱቄ ፊት ባዶ ኩንታል ላይ ተቀምጬ፣ ክኒኔን ውጬ፣ ዳዊቴን ገልጬ በዐይኔ እሄዳለሁ። ተሸካሚዎች በአጠገቤ ያልፋሉ። "እትዬ አስካለ፣ ደህና አይደሉም እንዴ?" ይላሉ። በእጄ እመልሳቸዋለሁ። ሃያ ዓመት ከአፌ ሲፈስ የኖረውን ነገር ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ ያነበብኩት። መዝሙሩ ውስጥ ሲጮህ የነበረው ሰው እንዴት እንደተጨነቀ፣ እንዴት እግዚአብሔርን እንደሚሞግት በድምፄ ተከልሎብኝ ኖሯል።

ምሕረት በአሥራ ሰባተኛው ቀን ዐይኗን ገለጠች። ዘይነባን አሽትታ "ኮረሪማ" አለች። ይህን ዘይነባ በመስኮቱ ጮኻ ስትነግረኝ ባሕር ዛፉን አቅፌ አለቀስኩ፤ የጠፋው ዕንባዬ ያን ቀን ተገኘ።

ወራት ተኛች። ዶክተሩ በየጊዜው ከወገቧ ይቀዳል፣ ነርሷ በየቀኑ መርፌ ትወጋታለች፣ ደምሴ ከመንገድ ሲመለስ በቅድሚያ መኪናውን የሚያቆመው ሐኪም ቤቱ ደጅ ሆነ፤ እኔንም ስለ ውሸቱ አንድ ቀን ብቻ ተቆጥቶኝ ከዚያ ወዲያ ስሙንም አላነሣም። የኔ አክታ አንዴ ነጻ፣ ሁለቴ ነጻ፣ ሦስተኛው ላይ ዶክተሩ ራሱ እጄን ይዞ ወደ ክፍሏ አስገባኝ። አጥንት ሆናለች። ግን ሳቀችልኝ።

ወደ ቤት ባመጣናት በሁለተኛው ቀን አንድ የጭነት መኪና ሱቃችን አፍ ላይ ጥሩምባውን ለቀቀው። እኔ ዘለልኩ፤ የተቀነጠሰው ዛላ ከእጄ ተበተነ። ምሕረት ጀርባዋን ሰጥታ አሻንጉሊቷን ታለብሳለች። አልዞረችም።

የብረት ክዳን አነሣሁና ከኋላዋ ድንጋይ ላይ ጣልኩት። አልዞረችም።

"ስትሬፕቶማይሲን የጆሮን ነርቭ ይጎዳል፤ በሽታውም ራሱ ይጎዳል" አለ ዶክተሩ። "የትኛው እንደሆነ አላውቅም። መርፌውን ባንሰጣት ግን ዛሬ አናያትም ነበር።"

እግዚአብሔርን ተቆጣሁት። እዚህ ላይ ማማር አልፈልግም። ያን ጊዜ ቀኖናዬ አልቆ ነበር፤ ሱቅ ፊት ተቀምጬ ድምፄን አውጥቼ "አራት ዓመት ጆሮዋ ላይ ስምህን ጠራሁ፤ ጆሮዋን ወሰድክ?" አልኩት። ለሦስት ቀን ዳዊቱን አልነካሁም። ክኒኔን ግን አላቋረጥኩም፤ ተቆጥቼም ቢሆን ዋጥኩ። በሽታ ላይ ላለ ሰው ይህን እመክራለሁ፦ ከእግዜር መጣላት ያለ ነው፣ መታረቂያው ጊዜ ይመጣል፤ መድኃኒት ካቋረጣችሁ ግን መታረቂያው ጊዜ ላይደርስ ይችላል።

በአራተኛው ቀን ምሕረት ራሷ ዳዊቱን ከመደርደሪያ አውርዳ ጭኔ ላይ አኖረችው፣ እሷም ከጎኑ ተቀመጠች። በሩ ክፍት ነው፣ መስኮቱ ክፍት ነው፣ ወፍጮው ያጓራል። ምን ላድርግ፣ ጀመርኩ። ትንሽ ቆይታ እጇን አንሥታ መዳፏን ጉሮሮዬ ላይ አኖረች። ቆም ስል ታነሣለች፣ ስቀጥል ትመልሳለች። ሲያልቅ፣ ጉሮሮዬ ጸጥ ሲል፣ "አሜን" አለች። ድምፁ ትንሽ ጎርነን፣ ትንሽ ዘመም ያለ ነው፤ ግን አሜን ነው።

የንስሐ አባቴ ይህን ሲሰሙ "እኔም ደንቆሮ፣ እሷም ደንቆሮ፣ ጥሩ ተማሪ አገኘሁ" ብለው ፊደል ሊያስቆጥሯት ተነሡ። በስንደዶ ፊደሉን ይነካሉ፣ አፋቸውን ያሳያሉ፣ እጇን ጉሮሯቸው ላይ ያኖራሉ። ዶክተሩ፣ ከመታመሟ በፊት የሰማችው ቃል ከውስጧ አልጠፋም፣ በየቀኑ ካናገራችኋት ይቆያል ብሎን ነበር። ቃሉማ ሞልቷት ነበር፤ የሰኞውንም የዓርቡንም አራት ዓመት ሰምታዋለች። ፊደሉን ለይታ ከንባብ ስትደርስ፣ ብዙውን ከመጽሐፉ አይደለም ከሆዷ ነበር የምታወጣው። የጎዳኋት ሰዓት ውስጥ ይህም ተቀምጦላት ኖሯል። ይህን ስል በደሌን ማቅለሌ አይደለም። ሁለቱም እውነት ስለሆነ ነው።

አሁን ለእናንተ። ሳላችሁ ሦስት ሳምንት ካለፈ ሥራዬ ነው፣ ብርድ ነው፣ አቧራ ነው አትበሉ፤ አክታችሁን ስጡ። ሐኪም ልጅ አለሽ ወይ ሲላችሁ አለኝ በሉ፤ ልጁን ሊነጥቃችሁ አይደለም፣ ሊያተርፍላችሁ ነው። ጸልዩ፣ ዳዊታችሁን ድገሙ፣ እኔም ዛሬ ጠዋት ደግሜአለሁ፤ መስኮቱን ክፈቱት እንጂ። ዘይነባን፣ ያን ዶክተር፣ አባቴን የንስሐውን፣ በየቀኑ መርፌ ይዛ የመጣችውን ነርስ እግዜር ውለታቸውን ይክፈልልኝ፤ እኔ አልችልም።

ስእለቴ ያበቃው ምሕረት ሰባት ዓመት በሞላት ዓርብ ነው። በዚያ ቀን እኔ አልደገምኩም፤ "ዛሬ እኔ" አለች። ሱቃችን ደጃፍ ላይ ተቀመጠች፣ ዳዊቱ ጭኗ ላይ፣ እኔ ከመድረኩ ላይ ከፊቷ፣ ዘይነባ ከወዲያ ማዶ ሚዛኗን አስቀምጣ። ረጅሙን መዝሙር ጀመረች። አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል። በዚያ ዘመም ባለ ድምፅዋ፣ በጥሩምባው መሃል፣ እሷ ምንም ሳይረብሻት። ዮድን ጨረሰች። ካፍ ገባች።

መሃል ላይ ቆመች።

አፏን ከፈተች፣ አየር ሳበች፣ ደረቷን ያዘች። ከንፈሬን እንድታየው ጎንበስ ብዬ "ረሳሽው?" አልኳት።

"አልረሳሁትም፤ በርበሬው ነው" አለችና ሦስት ጊዜ በተከታታይ አስነጠሰች።

ዘይነባ ከማዶ ሳቀች። ምሕረት አፍንጫዋን ጠርጋ ከቆመችበት ቀጠለች፣ ታው ድረስ ወጣችው፣ አሜን አለች። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ አለቀስኩ፣ አናቷ ላይ እንትፍ እንትፍ አልኩ። ሰኞ በጠዋት ግን እጇን ይዤ ሐኪም ቤት ሄድኩና ራጅ አስነሣኋት። ዶክተሩ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንሥቶ ረጅም ጊዜ አየው፤ እኔ በዚያን ጊዜ ሁሉ አልተነፈስኩም። ንጹሕ ነበር። በርበሬው ነው ያስነጠሳት።